«ብትሸነፍ አልጠይቅህም» ብዬ ሰጠሁት፤ አሸነፈና ካደኝ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሀዋሳ ነው። አብሮ አደጌ ውጭ አገር በሚካሄድና በቴሌቪዥን በሚተላለፍ የሀገራት የፖከር (የካርታ ጨዋታ) ውድድር ኢትዮጵያን ወክሎ እንዲጫወት ተጋበዘ። የመግቢያ ክፍያው ስላልሞላለት 150 ሺህ ብር በባንክ ላክሁለት። አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን፣ ሁለት ጓደኞቻችን ባሉበት፣ «ብትሸነፍ አልጠይቅህም፤ ካሸነፍክ ግን ገንዘቤንና የሽልማቱን ሲሶ ትሰጠኛለህ» አልኩት፤ እሺ አለ። ሽልማት ይዞ ሲመለስ ግን «የሰጠኸኝ ስጦታ ነው፤ የቁማር ነገር ደግሞ ፍርድ ቤት አያስሄድም» አለኝ። በቅርቡም ለሌላ ውድድር ሊሄድ ነው። መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። ክሱ ላይ ግን «አበድሬዋለሁ» የሚል ቃል እንዳይገባ አደራ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። ገንዘቡን ብድር ካሉት፣ አብረዋችሁ ዓሣ የበሉት ሁለት ጓደኞቻችሁ ችሎት ቀርበው ቢመሰክሩም አይጠቅምዎትም። በዚህ ቁጥር የተነሳ እውነተኛ ጉዳይ ይዘው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ደግሞም የእናንተ ስምምነት ብድር አይደለም። ተበዳሪ ቢከስርም ይከፍላል፤ እርስዎ ግን «ብትሸነፍ አልጠይቅህም» ብለዋል። ኪሳራውንም ትርፉንም ለመጋራት ነው ገንዘብ ያወጡት። ይህ ዓይነቱ ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን የሚል ድንጋጌ ስለሌለበት የሰው ማስረጃ ይሰማበታል ብዬ እከራከራለሁ። ክሱ ነገሩን እንደሆነው፣ ያሏትን ዓረፍተ ነገር ሳትለወጥ ይጻፍ።

የላኩልኝን የባንክ ደረሰኝ አይቼዋለሁ። «ምክንያት» ከሚለው ጎን የተጻፈው «መልካም ዕድል ወንድሜ» ነው። ወረቀቱ ገንዘቡ መተላለፉን ያስረዳል፤ ለምን እንደተላለፈ ግን አይናገርም። ስጦታ ነው የሚለው ክርክር የሚበቅለው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በቴሌግራም የላከልዎትን «ሲሶህን አልረሳሁም» የሚል የድምፅ መልእክት እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ይከለክላል። ስልኩን አይቀይሩ፤ ቅጂም በሌላ ቦታ ያስቀምጡ።

ከባዱ ክርክር «ቁማር ነው» የሚለው ነው። ቁጥር 1716 ግዴታው ከሕግ ወይም ከመልካም ጠባይ ውጪ የሆነ ውል አይጸናም ይላል። እኛም ጨዋታው የተካሄደው በተፈቀደበት አገር፣ ሕዝብ እያየው እንደሆነ እናስረዳለን። ፖከር ዕድል ብቻ አይደለም የሚል ወገንም አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ሎዛን ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የፖከር ፌዴሬሽን የሚያራምደው የብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ አንድ ዓይነት ካርታ በተለያዩ ጠረጴዛዎች ለተመሳሳይ ወንበሮች የሚታደልበት ነው፤ የካርታው ዕድል ለሁሉም እኩል ስለሚሆን ልዩነቱን የሚያመጣው ተጫዋቹ ነው። የጓደኛዎ ውድድር በዚህ ደንብ የተካሄደ ከሆነ ደንቡ ተተርጉሞ ከክሱ ጋር ይያያዝ።

እንዲህም ሆኖ ሲሶውን በእርግጠኝነት ያገኛሉ አልልዎትም። 150 ሺው ላይ ግን አቋምዎ ጠንካራ ነው። ውሉ ፈራሽ ቢባል እንኳ ቁጥር 1815 ተዋዋዮች በተቻለ መጠን ወደነበሩበት እንዲመለሱ ያዝዛል፤ ያላግባብ መበልጸግን የሚመለከተው ቁጥር 2162ም አለ። ሁለቱንም በአማራጭ ይጠይቁ።

በባንዲራ ስር መቀመጡ ሽልማቱን የመንግሥት አያደርገውም፤ በዚህ አይስጉ። ግብሩን ግን አይርሱ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ በዕድል ጨዋታ የተገኘ ገቢ ላይ የጣለው 15 በመቶ ነበር፤ አዋጁ ስለተሻሻለ የዛሬውን መጣኔ ገቢዎች ቢሮ ይጠይቁ። ሲሶው ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው አሞራ ገደል ላይ ስላልተነሳ፣ እኔ ብሆን ከተጣራው ላይ እጠይቃለሁ።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው ጉዞው ነው። ክሱን ከመሄዱ በፊት፣ እሱ በሚኖርበት በሀዋሳ ይክፈቱ፤ ንብረቱ ከፍርድ በፊት እንዲከበር (እንዳይሸጥና እንዳይሸሽ እንዲያዝ) የሚጠይቀውን ማመልከቻም በዚያው ቀን በቃለ መሐላ አስደግፈው ያስገቡ። ማመልከቻው ላይ የባንክ ሒሳቡን ቅርንጫፍና ያለውን ንብረት ለይተው ይጻፉ።