የድሮ ፒክአፕና አይሱዙ ቀለም፦ የጠየቃችሁኝና መልሱ

ሰላም ቤተሰብ። በመኪና ቀለም ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የፋብሪካ ቀለም ምድጃ ውስጥ የተጋገረ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ እሱን የሚያክል አይገኝም። ስለዚህ ትንሽም ቢቀረው እናትርፈው እላለሁ።

ጥያቄ፦ የ1994 ሞዴል ቀይ ሃይሉክስ አለኝ። ኮፈኑ ሮዝ ሆኗል። ሙሉ ላስቀባው?

መልስ፦ ኧረ አትቸኩል! የደበዘዘው ፀሐይ ያቃጠለው የላይኛው ገጽ ነው፣ ከሥሩ ቀዩ ሊኖር ይችላል። ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርገህ ጥግ ላይ እሸው። ጨርቁ ከቀላ ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚረጭ ቀለም አልባ ሽፋን) የለውም ማለት ነው፣ እና በፖሊሽ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ብቻ ተጠንቀቅ፣ የፋብሪካ ቀለም ከላሜራው እስከ ላይ ቢለካ 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ አንድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ማለት ነው፣ ጠርዝ ላይ ደግሞ ይሳሳል። እኔ አንዴ የደንበኛ ኮፈን ጠርዝ ላይ የፖሊሽ ማሽን አስጠግቼ ግራጫው ፕራይመር (ከቀለሙ ሥር የሚቀባው) ብቅ አለ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጠርዙን በእጅ ሥራ።

ጥያቄ፦ የኔ ሲልቨር ነው፣ ጣሪያው እንደ ቆዳ ይላጣል። ፖሊሽ ያድነዋል?

መልስ፦ አያድነውም። ክሊሩ አንዴ ከለቀቀ ተፍቆ እንደገና መቀባት ነው። ግን ጣሪያውን ብቻ አስቀባ፣ ጤነኛ በሮችህን አታስነካ።

ጥያቄ፦ አይሱዙአችን ጅቡቲ ይመላለሳል። ፓራፋንጎው ላይ ጠጠር የመታው ቦታ ዝጓል።

መልስ፦ የባሕር ዳር ጨው ዝገትን ያፋጥናል፣ ከዚያ በተመለሰ ቁጥር ከሥሩ ጭምር በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። የዛገውን ቦታ ላሜራው እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቀው፣ ከዚያ በቲነር ጠርገህ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ) ቀባ፣ ሲደርቅ ቀለሙን በቀጭን ብሩሽ ወይም በስቴኪኒ ጫፍ ጠብ እያደረግክ በስሱ ደራርብ፣ እያንዳንዱ ይድረቅ። ዝገት ላይ ስቱኮ የሚለጥፍልህ ካለ ግን መኪናህን ይዘህ ውጣ። ከወራት በኋላ አብጦ ይመጣል።

ጥያቄ፦ በቀለም ኮዱ አስበጠበጥኩ፣ ግን አልተመሳሰለም።

መልስ፦ ኮዱ የሚነግርህ አዲስ እያለ የነበረውን ነው። ያንተ ስንት ዓመት ፀሐይ በልቶታል። መጀመሪያ ፖሊሽ አድርግ፣ ከዚያ የነዳጅ ታንኩን ክዳን ፈትተህ ለበጥባጩ ውሰድለት፣ በዓይኑ ያስተካክለው።

ጥያቄ፦ በዱቄት ሳሙና ማጠብ ይጎዳል?

መልስ፦ አዎ፣ ቀለሙን የሚጠብቀውን ሰም ገፎ ይወስደዋል። የመኪና ሻምፑ ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ሰም በስንት ጊዜ?

መልስ፦ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ከቆላው ይልቅ ቀለም ትጎዳለች። ውጭ ለሚያድር መኪና በየሦስት ወሩ ይሁን። ውኃ ጣሪያው ላይ አፍስስና እይ፤ ድቡልቡል ብሎ ካልተንከባለለና ተዘርግቶ ከቀረ ሰሙ አልቋል።