ትልቅ ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አራት ኪሎ አካባቢ 60 ሰው በሚይዝ አዳራሽ የግጥም ምሽት ታዘጋጃላችሁ። ባለ 8 ቻናል (ስምንት የድምፅ መግቢያ ያለው) ሚክሰር፣ ባለ 12 ኢንች ሁለት አክቲቭ (ማጉያቸው ከውስጣቸው ያለ) ስፒከርና ሦስት ማይክ አላችሁ። ክራር የሚጫወት ልጅ አለ፤ ማጀቢያ ሙዚቃው ከላፕቶፕ ነው። ድምፅ ከፍ ሲል ማይኩ ይፉጫል። ከሥር «ህምምም» የሚል ነገር አለ። ከኋላ የተቀመጡት ደግሞ ቃሉ አይለይልንም ይላሉ። እና ባለ 15 ኢንች ስፒከር እንግዛ ወይ ብለሻል።

አትግዙ። ለ60 ሰው ያላችሁ ዕቃ ከበቂ በላይ ነው። አዝማሪ ቤት የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ድምፅና አንድ ማሲንቆ ይበቃሉ። እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ጩኸት አይደለም፤ የጠራ ቃል ነው። በትንንሽ አዳራሾች ስሠራ የማየው ነገር ሁልጊዜ ይመሳሰላል። ሰው የስፒከሩን ጉልበት ይጠረጥራል። ችግሩ ግን ስፒከሩ በቆመበት ቦታና በማይኩ አያያዝ ላይ ነው።

ከፉጨቱ ልጀምር። ማይኩ ከስፒከር የወጣውን ድምፅ መልሶ ይሰማዋል። ወደ ሚክሰር ይልከዋል፣ ስፒከሩ እንደገና ያወጣዋል፣ ማይኩም እንደገና ይሰማዋል። በየዙሩ እያደገ ሄዶ ያ ጆሮ የሚበጣ ፉጨት ይሆናል። ስለዚህ መድኃኒቱ ማይኩ ገጣሚውን አብዝቶ፣ ስፒከሩን አሳንሶ እንዲሰማ ማድረግ ነው።

ሁለቱን ስፒከሮች ከማይኩ ፊት፣ ወደ ታዳሚው በኩል አውጥታችሁ አቁሙ። ገጣሚው ከስፒከሮቹ መስመር ኋላ ይቁም። ከጀርባው ስፒከር ካለ ግን ምንም ብታደርጉ መፉጨቱ አይቀርም። ስፒከሩን ወንበር ላይ ወይም መሬት ላይ አታስቀምጡት። ስታንድ ላይ ይውጣ፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው የላይኛው ክፍል ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ ይሁን። መሬት ላይ ሲሆን የፊት ረድፍ ሰው ድምፁን በአካሉ ይውጠዋል። ከኋላ ያሉት «አይለይልንም» ያሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ፊቱ ወደ ኋላ ረድፍ ይዙር እንጂ ወደ ጎን ግድግዳ አይዙር። ጥግ ውስጥም አትወሽቁት፤ ጥግ ወፍራሙን ድምፅ ያሳብጠዋል።

ማይኩን በተመለከተ ገጣሚዎቹን ከመድረክ በፊት አነጋግሪያቸው። የመድረክ ማይክ በአብዛኛው ከፊቱ ያለውን በደንብ ይሰማል፣ ከኋላው ያለውን ይተዋል። ጭንቅላቱን፣ ያችን ወንፊት የመሰለችውን ክብ፣ በእጅ ሲጨብጡት ግን ይህ ባሕርዩ ይበላሽና ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል። ወጣቶቹ ለማማር ሲሉ እንደዚያ ይይዙታል። እጀታውን ይያዙ። ከአፍ እስከ ማይክ አራት ጣት ያህል ርቀት ይበቃል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ማይኩ የሚገባው ድምፅ በ6 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይወርዳል። አንቺ ያንን ለማካካስ ፌደሩን፣ ያን ሚክሰሩ ላይ ድምፅ የሚጨምረውን ተንሸራታች፣ ስትገፊ ፉጨቱ ይመጣል። ደግሞ ሦስቱም ማይኮች ሙሉ ምሽቱን ክፍት መሆን የለባቸውም። ያልተያዘውን ማይክ ዝጊው። የተከፈተ ማይክ በእጥፍ ሲጨምር ሳይፉጭ ልታገኚ የምትችይው ድምፅ በ3 ዲሲቤል ይቀንሳል።

አሁን ሚክሰሩ። ስፒከሮቹ ጀርባ «ማይክ» እና «ላይን» የሚል ማብሪያ ካለ «ላይን» ላይ መሆኑን አረጋግጪ። ሚክሰር ተሰክቶበት «ማይክ» ላይ ከተተወ ድምፁ ይሻክራል፣ ትንሿ ጫጫታም ትጎላለች። የስፒከሩን ቮልዩም መሀል ላይ አድርጊው። የሚክሰሩን ፌደሮች ሁሉ አውርጂ። ከዚያ አንዱን ገጣሚ ጥሪና የምር እንደሚያነበው ያንብብ በይው። «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ ሁለት» ምንም አይነግርሽም። ሰው ሲሞክር ያንሾካሹካል፣ መድረክ ላይ ግን ስሜት ይይዘውና ይጮሃል። ፌደሩ ወርዶም መለኪያው እንዲያሳይሽ የቻናሉን «ፒኤፍኤል» ወይም «ሶሎ» ቁልፍ ተጫኚ። እያነበበ የቻናሉን ጌይን (ከላይ ያለውን፣ የሚገባውን ድምፅ የሚያጎላውን ማዞሪያ) ቀስ እያልሽ ጨምሪ፤ መለኪያው ዜሮ አካባቢ ይጫወት፣ ቀዩ መብራት ግን አይብራ። ከዚያ በኋላ ነው ፌደሩን እስከ ዜሮው ምልክት የምትገፊው። ድምፁ ለአዳራሹ ካነሰ የስፒከሩን ቮልዩም ጥቂት ጨምሪ።

በአብዛኛው በየማይኩ ቻናል ላይ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር) በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ የሚቆርጥ ቁልፍ አለ፤ ለንግግር ሁልጊዜ ተጫኚው። የእግር ኮቴና የትንፋሽ ጉምታ አብሮ ይሄዳል። ድምፁ ከጎረነነ ወፍራሙን ቀንሺ እንጂ ቀጭኑን አትጨምሪ።

ስለ ኢኮ ጠንከር ያለ ነገር ልበል። እኛ ከተማ ኢኮ ያልተጨመረበት ማይክ ባዶ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለግጥም ግን አጥፉት፣ ጨርሶ አጥፉት። ሲሚንቶና መስታወት የበዛበት አዳራሽ ራሱ ያስተጋባል። በዚያ ላይ ኢኮ ሲጨመር የአንዱ ቃል ጭራ የሚቀጥለውን ቃል ይሸፍናል። ግጥማችን ደግሞ በመጥበቅና በመላላት ትርጉም የሚለውጥ ነው። ሰሙን ሰምቶ ወርቁ ያመለጠው ታዳሚ ለምን መጣ? መስኮቶቹ ላይ ወፍራም መጋረጃ ብትሰቅሉ ከማንኛውም አዲስ ስፒከር የበለጠ ይጠቅማችኋል። ሰው ሲሞላም አዳራሹ በራሱ ይረጋጋል፤ ባዶውን ስትሞክሩት ካስተጋባ ብዙ አትደንግጡ።

«ህምምም» የሚለው ከመብራት መስመሩ ነው የሚመጣው። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፤ የምትሰሚው እሱንና እጥፉን ነው። መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀዪ። ጸጥ ካለ አገኘሽው ማለት ነው። ለዚያን ምሽት በባትሪ አጫውቱ። ለዘለቄታው በድምፅ ገመዱ ላይ ያለውን ግራውንድ (የመሬት መስመር) የሚያቋርጥ ማብሪያ ያለው ዲአይ ቦክስ ግዙ፤ የላፕቶፕን ወይም የመሣሪያን ድምፅ ለሚክሰር አስማምቶ የሚያስገባ ትንሽ ሳጥን ነው። ቻርጀሩ ካልሆነ ሚክሰሩን፣ ላፕቶፑንና ሁለቱን ስፒከሮች ከአንድ ሶኬት በአንድ ጥሩ ማከፋፈያ አውጧቸው። አንዱ ስፒከር ከወዲያኛው ግድግዳ፣ ሌላው ከዚህኛው ሲሰካ ህምታው ከዚያ ይገባል። ፍሪጅና የማኪያቶ ማሽን ያለበትን መስመር አትንኩ። ከሚክሰር ወደ ስፒከር የሚሄደው ገመድ ባለ ሦስት ፒን ኤክስኤልአር ይሁን፤ ረጅም መንገድ ሄዶም በመሀል የገባውን ጫጫታ ያጠፋዋል።

ህምታውን ለማጥፋት ብሎ የግራውንዱን እግር ከፕለጉ ላይ የሚቆርጥ ሰው አይታችሁ ይሆናል። ይህን በፍጹም አታድርጉ፤ ሰው ይገድላል። በአሮጌ ቤቶች ብዙ ጊዜ ግራውንዱ ራሱ የለም ወይም ተበጥሷል። ማይኩ የገጣሚውን ከንፈር ትንሽ እንኳን ከነዘረው ዝግጅቱን እዚያው አቁሙና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ታዳሚው ቢቀየምም ይቀየም።

ክራሩ ጃክ ካለው በቀጥታ በረጅም ጊታር ገመድ አትሰኪው፤ እሱም በዲአይ ይግባ። ጃክ ከሌለው አንድ ማይክ በስታንድ ወደ ድምፅ ሳጥኑ አስጠጊለት። ዲአይ ቦክሱ እስኪገዛ ላፕቶፑን ከትንሿ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ሁለት ጃክ በሚከፈል ገመድ ስቴሪዮ ቻናሉ ላይ ስኪው።

ስትከፍቱ ሚክሰሩ ይቅደም፣ ስፒከሮቹ መጨረሻ ይብሩ። ስትዘጉ ስፒከሮቹ ይቅደሙ። መብራት ሲሄድ የሁላችንም ችግር ነውና አንድ ልጅ መድቡ፤ ሥራው ወዲያው የስፒከሮቹን ማብሪያ ማጥፋት ብቻ ይሁን። ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ መጀመሪያ ላይ መስመሩ ከፍና ዝቅ ይላልና።

ለ15 ኢንች ባዘጋጃችሁት ብር ሁለት ጠንካራ ስታንድ፣ ጥሩ ገመዶችና ሁለት ዲአይ ቦክስ ግዙ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ህምታው ካልጠፋ የሁለቱን ስፒከሮች ጀርባና የሚክሰሩን ፊት በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ላኪልን። ማብሪያዎቹ የት ላይ እንዳሉ ካየሁ ቀሪውን እነግርሻለሁ።