ሌሊት ብቻ የሚወድቅ ቴስት

ጥያቄ፦ የደንበኝነት ጊዜ ማለፉን የሚያጣራ ፕሮግራም በጃቫ ጽፌያለሁ። ዩኒት ቴስቱ (የፕሮግራሙን ክፍል ለብቻው የሚፈትነው ኮድ) ቀን ቀን ያልፋል፤ ሌሊት ሰርቨር ላይ ሲሄድ ግን አንዳንዴ ይወድቃል። የምጠብቀው ውጤት በአዲስ አበባ ሰዓት የተሰላ ቀን ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የሚሠራ ከሆነ የሚወድቀው ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም እዚህ ቀኑ ተቀይሮ ሰርቨሩ ገና ትናንት ላይ ነው። ዋናው ችግር ግን ኮዱ የዛሬን ቀን የሚሰጠውን «ሎካልዴት.ናው»ን ያለ ምንም ግብዓት መጥራቱ ነው፤ ያኔ የማሽኑን ሰዓትና የሰዓት ክልል ይወስዳል።

ከጃቫ 8 ጀምሮ ያለውን «ክሎክ» የተባለ፣ ሰዓት የሚሰጥ ክላስ በኮንስትራክተር (ኦብጀክቱ ሲፈጠር በሚጠራው ኮድ) ይቀበሉና ለ«ናው» ያቀብሉት። በመደበኛው ሥራ የአዲስ አበባ የሰዓት ክልል ያለው ክሎክ፣ በቴስት ደግሞ የቆመ ሰዓት የሚሰጠውን «ክሎክ.ፊክስድ» ይጠቀሙ። የሰዓት ክልሉን እዚያም መስጠት አይርሱ።

ሰዓቱን ድንበሩ ላይ ያቁሙት፦ የመጨረሻው ቀን እኩለ ሌሊት ሊሞላ 1 ሰከንድ ሲቀረው፣ ከዚያም ልክ ሲሞላ። ስህተት የሚደበቀው እዚያ ነው። ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚለውጡ ከሆነ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን፣ ማለትም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023ን፣ የግድ ይፈትኑ።

ፕሮግራሙን ለተወሰነ ጊዜ የሚያቆመውን «ስሊፕ» አስገብቶ ጊዜው እስኪያልፍ መጠበቅን አልመክርም፤ ቴስቱን ያዘገያል፣ ማሽኑ ሲጨናነቅም ያለ ምክንያት ይወድቃል።