መልስ፦ የሕዝብ ብዛቱ ነው ወይ ችግሩ?
አቦ፣ «የስዊድን የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት ለ10 ሚሊዮን ሕዝብ እንጂ ለትልቅ አገር አይሆንም» ላልከው፣ እኔ ብዛቱ አይመስለኝም። ጀርመን ዛሬ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት፤ የሠራተኛ ጤና መድን የጀመረችው ግን እ.ኤ.አ. በ1883 ነው (ያውም ሶሻሊስቶችን ዓይናቸውን ማየት በማይወደው የያኔው የመንግሥቷ መሪ ቢስማርክ!)። መዋጮውን ሠራተኛና አሠሪ ይካፈሉታል፤ ገንዘቡም አንድ መሥሪያ ቤት ሳይሆን ብዙ የመድን ተቋማት ጋ ነው ያለው።

ብዛት እንዲያውም ይጠቅማል። የሰፈራችን እድር በአንድ ወር ሦስት ለቅሶ ሲደራረብበት ሣጥኑ ባዶ ይሆናል፤ አባሉ እጥፍ ቢሆን ይቋቋመው ነበር።

ከባዱ ግብሩ ነው። ከደመወዝተኛ መቁረጥ ቀላል ነው፤ ድሬዳዋ «ከፊራ» ገበያ ላይ ያለ ደረሰኝ ከሚሸጠው ግን በምን ትሰበስባለህ? ስዊድን ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርቷ 40 በመቶ ገደማ በግብር ትሰበስባለች፤ እኛ 10 እንኳ አልሞላንም።