ጭንቀቱ ከሥራው ነው ወይስ ከጠባዬ? ላልከው

ወንድሜ፣ ቡድንህ አሸንፎ እንኳ አንዲት የተበላሸች የተጫዋች ቅያሪ ስታብሰለስል እንደምታነጋ ጽፈሃል። ጭንቀቱ ከሥራው ይሁን ከጠባይህ መለየት አቅቶሃል። አሥራ አራት ዓመት እግር ኳስ አሰልጥኛለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት ልክ እንዳንተ ነበርኩ።

ከሁለቱም ነው። ግን «ፍጹምነት እወዳለሁ» ስንል ሁለት ነገር እናደባልቃለን። ለራስህ ከፍ ያለ ግብ አውጥተህ መልፋት አንድ ነገር ነው፤ ያደክማል፣ ተኝተህ ስትነሳ ግን ይለቅሃል። ስህተትን መፍራትና «ሰው ምን ይለኛል» ማለት ሌላ ነው። ጥናቶች ከሥራ መሰላቸትና መዛል ጋር አጥብቀው የሚያያይዙት ይህን ሁለተኛውን ነው። ሂዊትና ፍሌት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ፍጹምነትን በሦስት ከፍለውታል፦ ከራስ የሚጠበቅ፣ ከሌሎች የሚጠበቅ፣ ሌሎች ከእኔ ይጠብቃሉ ተብሎ የሚታሰብ። እኔን የጎዳኝ ሦስተኛው ነው። ተጫዋቾቼን የጎዳቸው ደግሞ ሁለተኛው፤ በረኛዬ ኳስ በያዘ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነበር።

በተፈጥሮው ቶሎ የሚረበሽ ሰው ይህ ይብስበታል። ጠንቃቃነት እንኳ፣ ጥሩ ጠባይ ሆኖ ሳለ፣ ሥራ ለሌላ መስጠት ሲያቅትህ ዕዳ ይሆናል። (የልምምድ ሜዳ ምልክት የሆኑትን ኮኖች የምደረድረው ራሴ ነበርኩ፤ ረዳቴ ቆሞ ያየኛል!) ሥራችን ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሰው ክፉ ነው፦ ውጤቱ የሚጻፈው በአንተ ስም ነው፣ ኳሷ ያለችው ግን በሌላ ሰው እግር ላይ ነው።

ይህ የደካሞች ነገር አይምሰልህ። ጀርመናዊው አሰልጣኝ ራልፍ ራንግኒክ እ.ኤ.አ. በ2011 የጀርመኑን ክለብ ሻልከን የለቀቀው ዝሎ ነው፤ በኋላ ተመልሶ አሰልጥኗል።

እኔን የረዳኝ ትንሽ ነገር ነው። የጨዋታውን ቪዲዮ በዚያው ሌሊት አላይም። ጠዋት በወረቀት ላይ በእጄ የነበረውን (አሰላለፍ፣ ቅያሪ፣ ልምምድ) ካልነበረው ለይቼ እጽፋለሁ። ከባዱ ግን የቆመ ኳስ (የማዕዘን ምት፣ የቅጣት ምት) ልምምድን ለረዳቴ መስጠት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከማዕዘን ምት ጎል ገባብን፤ ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ። እሱ ራሱ አይቶ አስተካከለው፣ ከእኔ በተሻለ።

እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከዘለቀ ግን በዚህ አትታለል፣ ባለሙያ አማክር።

ለመሆኑ፣ የእናንተን የቆመ ኳስ ማን ነው የሚያሠራው? አንተ ከሆንክ ከዚያ ጀምር።