ጥያቄና መልስ፦ ቢከሩ ለምን ተሰነጠቀ?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ባለፈው ሳምንት ውሃ ስናፈላ ከገበያ የገዛነው ቢከር (አፈ ሰፊ የላቦራቶሪ ብርጭቆ ዕቃ) ሥሩ ላይ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ፤ የፈላው ውሃ የአንዲት ተማሪዬን እጅ አቃጠላት። ደህናውን ዕቃ በምን ልለይ?

መልስ፦ መምህር፣ ልጅቷን እግዜር ይማርልን። እዚሁ ጅማ ሃያ ዓመት የላቦራቶሪ ዕቃ ሳጥብ ኖሬአለሁና ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ሲሰማ ሆድ ያባባል። የተሰነጠቀው ተራ ብርጭቆ ይመስለኛል። ተራ ብርጭቆ በሙቀት የሚሰፋው ሙቀት ከሚቋቋመው የላቦራቶሪ ብርጭቆ፣ ከቦሮሲሊኬት፣ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ሥሩ እሳት አግኝቶ ሲሰፋ ከንፈሩ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ሲጓተቱ ይሰነጠቃል።

ለመለየት፣ ንጹሕ የምግብ ዘይት በጎድጓዳ ሳህን ቅዱና የቢከሩን ጠርዝ ንከሩበት። ቦሮሲሊኬት ከሆነ የተነከረው ክፍል ከዓይን ሊጠፋ ምንም አይቀረው፤ ዘይቱም ብርጭቆውም ብርሃንን የሚያጥፉበት መጠን እኩል፣ 1.47 አካባቢ ነውና። ተራው 1.52 ስለሆነ ጠርዙ ጎልቶ ይታያል። እኔ ይህን መጀመሪያ ሳይ ብርጭቆው የሟሟ መስሎኝ እጄን ከትቼ ፈልጌዋለሁ።

ቦሮሲሊኬትም ቢሆን ከተጫረ አይታመንም። ሥሩን ወደ መስኮት አዙራችሁ እዩ፤ የኮከብ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ካለበት እሳት አታስነኩት። የመለኪያ ሲሊንደርማ ጨርሶ አይሞቅም። ከቢከሩ ሥር የሽቦ ወንፊት አድርጉ፤ ተማሪዎቹንም ከጠረጴዛው አንድ እርምጃ አርቋቸው።