ኤሲው ስትሄድ አቀዝቅዞ ስትቆም የሚሞቅ ከሆነ

ጋዝ ከማስሞላትህ በፊት የኮንደንሰሩን (የኤሲው ጋዝ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣበትን ክፍል) ፋን እይ። አይሱዙህ መንገድ ላይ በደንብ እያቀዘቀዘ ገላፊ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ወረፋ ይዘህ ስትቆም ሙቅ አየር ይነፋል ብለሃል። ዋናው ችግር ጋዝ ማነስ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ስትሄድም ይደክም ነበር። ስትሄድ ኮንደንሰሩን ነፋሱ ያበርድልሃል፤ ስትቆም ግን ሥራው የፋኑ ነው።

1. ሞተር አስነሳ፣ ኤሲ ክፈት፣ ፋኑ መዞሩን እይ። ካልዞረ መጀመሪያ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሪሌውን (ለፋኑ መብራት የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ማብሪያ) ፈትሽ። ሪሌውን ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ጋር አቀያይረህ ሞክር። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የፋኑን ሶኬት ነቅለህ ከባትሪ ቀጥታ መስመር ስጠው። አሁንም ዝም ካለ ፋኑ አልቆለታል። ከዞረ ሽቦውን ተከተል።

2. ፋኑ እየዞረ ከሞቀ ኮንደንሰሩ ላይ ውሃ አርከፍክፍበት። ትንሽ ቆይቶ ካቢኑ ከቀዘቀዘ ነገሩ የአየር እጦት ነው። የአፋር አቧራና የናፍጣ ቅባት ተጋግረው ክንፎቹን ይደፍኗቸዋል። ረጋ ባለ ውሃ እጠበው። የላቫጆ ፕሬሸር ከቅርብ ከሰጠኸው ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል፣ ከዚያ የባሰ ጣጣ ነው።

እኔ በዚሁ ችግር አንድ ጋራዥ ገብቼ ያለ ጌጅ (የጋዝ ግፊት መለኪያ)፣ በእጅ ዳበሳ ብቻ ጋዝ ጨመሩልኝ። አዋሽ ሳልደርስ ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር ከግፊቱ ብዛት ይቆራርጥ ጀመር። ትርፉን ለማስወጣት ድጋሚ ከፈልኩ፤ ጥፋቱ ግን የተቃጠለ ፊውዝ ነበር። «ጋዝ ልጨምርልህ» ካሉህ መጀመሪያ ጌጁን በሁለቱም በኩል (በከፍተኛና በዝቅተኛ ግፊት መስመር) ይሰኩ፣ ቁጥሩንም አንተ ራስህ አንብብ።